የግራሩ ግንደ ቆርቁር

ግንደ ቆርቁር የምትባለዋን ወፍ በሰማሁ ቁጥር ባለሁበት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ገበያ እየሄድኩም ቢሆን፣ ለቅሶ እየደረስኩም ቢሆን እቆማለሁ። ልጆቼ «እማ ደግሞ ጀመራት» ይላሉ፤ የወሎ ሰው ስለሆንኩ ገድ የማይ ይመስላቸዋል። ገድ ማየት ከተውኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የሚያቆመኝ ሌላ ነው፤ ለእነሱ ነግሬያቸው አላውቅም።

አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎና አህያ ጭኖ ጨው ከሚወጣበት አገር እስከ እኛ ገበያ የሚመላለስ፣ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ያረጀ ሰው ነው። ሊወጣ ሲል ሱብሂ ሰግዶ ጭነቱን ያስጭንና ደጅ ቆሞ ያደምጣል። ግንደ ቆርቁር በቀኙ ከጮኸች ወይም እንጨት ከቆረቆረች «ቢስሚላህ» ብሎ ይነሳል። በግራው ከሆነች አንድ ቃል ሳይናገር ጭነቱን ያስወርዳል። አሽከሮቹ በሆዳቸው ያጉረመርማሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም።

በእኛ ቤት ፍጥረት ሁሉ አፍ ነበረው። ቢራቢሮ ከገባች እንግዳ አለ፤ ውሻ እያላዘነ ካደረ መርዶ አለ፤ ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ከጉድጓዱ ከወጣ ዝናብ ደርሷል። አባቴ «ፊደል ላልቆጠረ ሰው አላህ በፍጥረቱ አፍ ይናገረዋል» ይል ነበር። እኔም ፊደል አልቆጠርኩምና ይህን አባባል እወደው ነበር፤ ከማንም እንዳላንስ ያደርገኛል። ታዲያ ሴት ልጅ ነኝና መንገደኛ ሲሸኝ ደጅ አልወጣም። የአባቴን ትምህርት የተማርኩት በአጥሩ ስንጥቅ ጀርባውን እያየሁ ነው።

አቃቂ ያመጣኝ ባሌ ነው። ሹፌር ነበር፤ ተሳቢ ያለው ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በወንዙና በባቡር ሐዲዱ መካከል ነበር። ወንዙ ፋብሪካው ያን ዕለት በነከረው ጨርቅ ቀለም ይፈስ ነበር፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። አዲስ የመጣሁ ሰሞን ቀይ ሆኖ ሲወርድ አይቼ፣ ደም መስሎኝ እሪ ብዬ ጎረቤት ሰብስቤያለሁ። ባሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምልክት አይደለም እኮ፤ የአንሶላ ቀለም ነው!» አለኝ። ያኔ ነበር በከተማ ነገሩ ሌላ መሆኑን መጠርጠር የነበረብኝ። እኔ ግን ተናድጄበት ወደ ቤት ገባሁ።

ገድ ማየቴ ሰፈሩ ውስጥ ታወቀብኝ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ አንድ ካድሬ ስሜን ሳይጠራ፣ ወደ እኔ እያየ ግን፣ «ወፍ ማመን የፊውዳል ርዝራዥ ነው» አለ። የመስጊዳችን ሼኽ ደግሞ «ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ ተይ ልጄ» አሉኝ። ቀበሌና መስጊድ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሁለቱንም እሺ አልኳቸው፤ ሁለቱንም አልሰማኋቸውም።

ባሌም ያሾፍብኝ ነበር። ጠዋት ጫማውን እያሰረ «እስኪ ያንቺ ስምሪት ክፍል ምን ይላል?» ይለኛል። ቢያሾፍም ግን ይሰማኛል። አንድ ጊዜ አሻፈረኝ ብሎ ወጥቶ፣ አሰብ መንገድ ላይ በረሃ መሃል መኪናው ተበላሽቶበት ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ እኔ ቀድሜ ደጅ ወጥቼ ካላየሁለት አይወጣም። አባቴ ለራሱ የሚያየውን እኔ ለባሌ ማየቴ ነበር። ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር ብል ውሸት አይደለም።

ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤቴ ስልጤ ነች። በሮቻችን ይተያያሉ፤ በመካከላችን ያለችው መንገድ እሷ በሯ ላይ፣ እኔ በሬ ላይ ቆመን ሽንኩርት የምንቀባበልባት ጠባብ መንገድ ናት። የእሷም ባል እንደ ባሌ ሹፌር ነው፤ መሥሪያ ቤታቸው አንድ ነው። እኔና እሷ በአንድ ክረምት ወለድን። እሷ አራስ ቤት ታማ ጡቷ ሲደርቅባት ልጇን ከልጄ ጋር አጠባሁላት። በእኛ ሕግ ልጆቻችን እህትና ወንድም ሆኑ ማለት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለእኛ አንሶብን ነበር።

ወፉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፈልጋ አይደለም፤ እኔ ነኝ የለፈለፍኩላት። ባሏ በመንገድ ላይ ሲቆይባት ስትጨነቅ አየሁና በሯ ላይ አቆምኳት። «የምትበይበት እጅሽ ቀኝሽ ነው። ወፏ በዚያ በኩል ከሆነች ሸኚው። በሌላው በኩል ከሆነች አስቀሪው» አልኳት። ባሏ ከውስጥ ሰምቶ «እቺ የወሎ ሴት አንድ ቀን ከሥራ ታስባርረኛለች!» እያለ ሳቀ። ሳቁ ከሰውየው ቀድሞ ከቤት የሚወጣ ዓይነት ነበር፤ እሱ መጥቶ ሳለ ሰፈሩ ዝም ብሎ አያውቅም።

የድርቁ ዓመት መጣ። በአገሬ በወሎ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል የሚለውን ወሬ በየቀኑ እንሰማ ነበር። አባቴ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አቃቂም ቢሆን ዝናቡ ስስ ነበር። የመንገዳችን አፍ ላይ፣ አስፋልቱን ከመንካቷ በፊት፣ አንድ ትልቅ ግራር ነበር፤ እሱም በዚያ ዓመት ግማሽ ጎኑ ደረቀ። እንጨቱ ሲደርቅ ትል ያዘው፤ ትል ሲይዘው ግንደ ቆርቁር መጣች። ከዚያ በፊት እዚያ ዛፍ ላይ ሰምቻት አላውቅም።

አንድ ጠዋት ባሌ ስንዴ ጭኖ ወደ ወሎ እንዲሄድ ተመደበ። መኪናው መጋዘኑ ጋ ተጭኖ አድሯል። ሱብሂ ሰግደን ቀድሜው ወጣሁ። ከበሬ ስወጣ ግራሩ በግራ እጄ ነው። ወፏ ጮኸች፤ ቀጥላም የደረቀውን ጎን ትቆረቁር ጀመር። ተመልሼ ገብቼ የባሌን ኮት ያዝኩ።

«ዛሬ አትሄድም።»

«እብድ ነሽ? እህሉ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ላገርሽ ሰው ነው!»

«አውቃለሁ። አትሄድም።»

«አሻጥረኛ ብለው ያስሩኛል እኮ።»

«አመመኝ በል። ከመሞት መታመም ይሻላል።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ተቀመጠ። የመሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አደረ» አልኩት፤ ዓይን ያወጣ ውሸት። እሱም አልተከራከረኝም። ዞር ብሎ መንገዷን ተሻገረና የፊት ለፊቱን በር አንኳኳ። የጎረቤቴ ባል ከአሰብ የገባው ከትናንት በስቲያ ስለሆነ ዕረፍት ላይ ነበር።

እኔ ቆርቆሮ በሬን ዘግቼ ከጀርባው ቆምኩ። የሚሆነውን አውቅ ነበር። ከእሷ በር ለሚወጣ ሰው ግራሩ በቀኝ ነው። ባሎቻችን በአንድ ቀን ወጥተው ስለማያውቁ ይህ ነገር ከዚያ ቀን በፊት አጋጥሞን አያውቅም። በሯ ሲከፈት ሰማሁ። ወፏ አላቋረጠችም፤ ትቆረቁራለች። ከዚያ የጎረቤቴ ድምፅ መጣ፣ ደስ ብሏት፦

«በቀኝ ነው! በቀኝ ነው፣ ሂድ፤ አላህ ይሸኝህ!»

«የስምሪት ኃላፊዋ ከፈቀደችማ!» አለና ሳቁን ለቀቀው። እርምጃው ወደ አስፋልቱ ሲርቅ እስከ መጨረሻው አደመጥኩ። «ለእነሱ ቀኝ ነው» አልኩ በልቤ። «ለእኛ ግራ ነው፣ ለእነሱ ቀኝ ነው።» ደጋግሜ አልኩት። ከዚያ ለባሌ ቁርስ አቀረብኩ።

የጎረቤቴ ባል ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። መርዶው የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ከመሥሪያ ቤቱ የተላኩ ሰዎች ተሰልፈው በመንገዳችን ሲገቡ በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው። መርዶ የያዘ ሰው አካሄዱ ይታወቃል። ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ሰዎቹ ወደ ማዶው በር ሲዞሩ፣ የጎረቤቴ ጩኸት ገና ሳይሰማ፣ እጄን በባሌ ደረት ላይ አሳርፌ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ይህን አፌን ምን ባደርገው ይሻላል? የሰው ቤት ሲፈርስ አምላኬን አመሰገንኩ። ባሌ እጄን ከደረቱ ላይ አነሳው፤ አልወረወረውም፣ ቀስ ብሎ አነሳው። «ሁለተኛ እኔን ለመሸኘት ደጅ እንዳትወጪ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ወፍ ቀልዶ አያውቅም።

ለቅሶውን አብሬያት ተቀመጥኩ። አጎረስኳት፣ ልጇን አቀፍኩላት፣ ውኃዋን ከቦኖ ቀዳሁላት። ሰው ሁሉ «ጎረቤት እንዲህ ነው» አለኝ፤ ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። የሚብሰው ግን እሷ ራሷን መክሰሷ ነው። ሰው ሲበተን ጠብቃ ክንዴን ትይዝና ትጠይቀኛለች።

«ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ በይ ንገሪኝ። በቀኝ ነበር እኮ። ወይስ ቸኩዬ ነው? ምናልባት በግራ ኖሮ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

«ተይ እንጂ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» እላታለሁ።

ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ወጥታ ትቆማለች። አንዴ ቀኝ እጇን፣ አንዴ ግራ እጇን ወደ ግራሩ ዘርግታ ትለካለች። የምትበላበትን እጅ ደግማ ደጋግማ ታያለች። እኔ በበሬ ቀዳዳ አያታለሁ። አንዲት ቃል ብነግራት እንደምትድን አውቃለሁ፤ «በትክክል ነው ያየሽው፤ እኔም ያንኑ ወፍ አይቼ ነው ባሌን ያስቀረሁት» ብላት ይበቃት ነበር። ግን ይህን ብናገር የባሌ ሕመም ውሸት መሆኑ ይወጣል። ቀበሌው ቢሰማ ባሌ ይታሰራል አልኩ ለራሴ። እውነት ነው፣ ይታሰር ነበር። አፌን የያዘኝ ግን እሱ አልነበረም፤ ዓይኗን ፈርቼ ነው። እሷ ከሳች፤ እኔ ዝም አልኩ። ወራት እንዲህ አለፉ።

አባቴ መጣ። በሕይወት ነበር። እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ ሹፌሩ አዝኖለት ጭኖት፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ አንድ ቀን በራችን ላይ ተገኘ። «ስንዴው ባይደርስልን አልቀን ነበር» አለ ጎርሶ እንደጨረሰ። ባሌ ተነስቶ ወጣ። አባቴ ምን እንዳስቀየመው አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ሰንብቶ ነፍስ ሲዘራ «የተረፉትን ልይ» ብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ተነሳ። ማለዳ ላይ እንዳደግኩበት ልማድ ከኋላው ተከተልኩት። ከበሬ ወጣ፤ ግን በሩ ላይ አልቆመም። ወደ መንገዷ መሃል ገባ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ፣ ወደሚሄድበት አዞረ፣ ከዚያ ነው ቆሞ ያደመጠው። ግንደ ቆርቁሯ ግራሩ ላይ ነበረች።

«አባ፣ በግራ ነች አይደል?» አልኩት።

«ምን ግራ አላት? ፊት ለፊት ነች እንጂ!»

«ከበሩ ስንወጣ እኮ በግራ…»

«በሩ የት ይሄዳል ብለሽ ነው ከበሩ የምትቆጥሪው? ገድ የሚታየው በመንገዱ ነው። ፊትሽን ወደምትሄጂበት ታዞሪያለሽ፣ ከዚያ ነው ቀኝና ግራው።»

ያኔ ነው የገባኝ። የልጅነት ቤታችን በር ቀጥታ ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው። ከበሩ የወጣ ሰው ፊቱ ወደሚሄድበት ነው፤ የአቃቂው በሬ ግን መንገዱን በጎን ነው የሚያየው። እኔ በአጥር ስንጥቅ የአባቴን ጀርባ እያየሁ የተማርኩት ግማሹን ነው፤ ሰው እንደሚዞር አላወቅኩም፣ አባቴ መዞር አስፈልጎት አያውቅምና። ያንን ግማሽ ዕውቀት ነው አቃቂ ድረስ ተሸክሜ መጥቼ ለሰው ያስተማርኩት።

«ፊት ለፊት ከሆነችስ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ፊት ለፊት ከሆነችማ ለማንም አልተናገረችም። ዚክሯን እያደረገች ነው፣ ጉሮሮዋን እየፈለገች ነው። አንተም ወደ ሥራህ ሂድ ማለት ነው።» ከረጢቱን አነሳና ሄደ። አንድ ጊዜም ዞር አላለም፤ መንገደኛ ዞር አይልም።

ወፏ ለእኔ አልተናገረችም ነበር። ለጎረቤቴም አልተናገረችም። ደረቅ እንጨት ውስጥ ትል ስትፈልግ፣ ጌታዋን ስታመሰግን፣ እኔ በመካከል ገብቼ በስሜ የተላከ መልእክት አደረግኩት። ሼኹ «ሽርክ ነው» ያሉኝ እንዲህ ማለታቸው ይሆን? ወፏ ለአላህ የምትለውን ለእኔ ነው ብዬ መውሰዴ? አላውቅም፤ እሳቸውን ለመጠየቅም አፈርኩ። ያወቅኩት አንድ ነገር ነው። አባቴ ደጅ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ባሌ ይሄድ ነበር።

እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ የጎረቤቴ በር ተከፈተ። ጀሪካን ይዛ ቦኖ ልትሄድ ነው። ግራሩን አየችና እንደ ልማዷ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «ነይ» አልኳት፤ እጇን ይዤ መሃል መንገድ አቆምኳት፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞርኩት።

«አሁን ወፏ በየት በኩል ነች?»

«ፊት ለፊት።»

«አንቺ አላጠፋሽም። እኔ ነኝ በስህተት ያስተማርኩሽ። ቀኝም ግራም አልነበረችም።» የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኝ። «ያን ቀን ባሌ አልታመመም። እኔም ወጥቼ ያቺኑ ወፍ አይቼ ነበር። ከእኔ በር በግራ ስለሆነች አስቀረሁት። በሬን ዘግቼ አንቺ ስትሸኚው ሰማሁ።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ፀጉሬን ብትይዘኝ ደስታዬ ነበር። እሷ ግን ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችና የእኔን በር አየች፣ የእሷን በር አየች። በሮቹ መካከል ያለችውን መንገድ አየች፤ ሽንኩርት የምንቀባበልባትን።

«የስህተቱን ተይው» አለች። «የዚያን ቀን መንገዱ ክፉ ነው ብለሽ አምነሻል አይደል?»

«አምኛለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?»

«ለእናንተ… በቀኝ ነች ብዬ…»

ቀና ብላ አየችኝ። ልጇን ላጥባላት ስቀበላት ታየኝ የነበረበት ያው ዓይን ነው፤ የፈራሁት ዓይን።

«ወፏስ በግራም በቀኝም ትሁን» አለች። «መኪናው ግን አንድ ነበር።»

ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቦኖው ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ወጥታ እጇን ስትለካ አላየኋትም። ልጇንም ከቤቴ አልከለከለችኝም፤ የጡት ልጄ ናት፣ ዛሬም «እማ» ትለኛለች። እናቷ ግን ስታልፈኝ ሰላም ትለኛለች፣ ታልፋለች። ግንደ ቆርቁር በሰማሁ ቁጥር ቀጥ ብዬ የምቆመው ለዚህ ነው። ወፏን አይደለም የማደምጠው። በሩ ሲከፈት፣ የጎረቤቴ ባል ሲስቅ፣ እኔም ከቆርቆሮው ጀርባ ዝም ስል እሰማለሁ።